ባዕድ አካል

መሪ ያለው ተሽከርካሪ ሁሉ፣ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ በቅርስ መዝገብ ካልገባ ወደ ማቅለጫ ይወሰዳል። ይህን ለነስሩ የነገረችው በዚያ ሰዓት የሚያጥባት ካቢን ናት። ጥር አጋማሽ ነበር፣ ጠዋት። ነስሩ ተንበርክኮ ወለሏን ሲወለውል «ውድ ነስሩ አብዶሽ፣ እርስዎን የሚመለከት ማስታወቂያ አለ» አለችና አነበበችለት። ስታበቃም መልእክቱ እንደደረሰው በድምፁ እንዲያረጋግጥ ጠየቀችው።

«ደርሶኛል» አለ ነስሩ።

ካቢኗ አመሰገነችው። ወለሏ እስኪደርቅ ጠበቀችና ከዚራ ያለ ተሳፋሪዋን ልታነሳ ሄደች።

ነስሩ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለው የካቢን ማረፊያ በቀን አርባ ካቢን ያጥባል። ካቢኖቹ ሹፌርም መሪም የላቸውም፤ አራት ወንበር ፊት ለፊት የተጋጠመባቸው የመስታወት ክፍሎች ናቸው። ሰው የሚሄድበትን ይናገራል፤ ካቢኗ ትፈቅዳለች ወይም አትፈቅድም፤ ካልፈቀደች ምክንያቷን በትህትና ታስረዳለች። ነስሩ ሥራውን አይጠላውም። የሚጸዳው ነገር ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው የመጣው። ሰዎች ካቢን ውስጥ መብላት ተዉ፣ ቀጥሎ ጫት መያዝ ተዉ፣ እየቆየ ደግሞ ማውራትም ተዉ። ድሬዳዋ ትልቁም ትንሹም «አንተ» የሚባልባት ከተማ ናት፤ በከተማዋ «እርስዎ» የሚሉት ካቢኖችና ከጽሕፈት ቤት የሚመጡ ሰዎች ብቻ ናቸው።

አባቱ አብዶሽ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከድሬዳዋ ሐረር፣ ከሐረር ድሬዳዋ እየተመላለሰ አርባ ዓመት ታክሲ ነድቷል። አርባውንም ዓመት የነዳው አንዲት ሰማያዊ ፔጆ ናት። ሰው መንዳት ሲከለከል ገንደ ቆሬ ባለው ግቢው፣ ኒም ዛፍ ሥር አቆማትና ሸራ አለበሳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ግላኮማ ወሰደበት፤ አሁን የሚለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ጉልበቱም ከደጃፉ እስከ ዛፉ ቢያደርሰው ነው። ካቢን ግን አይሳፈርም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሊወስዱት አስገብተውት ነበር። እንደተቀመጠ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ለሹፌር እንደሚያደርገው፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። መልሱ የመጣው ከጣሪያው ነው።

«አውርደኝ» አለ ነስሩን። «ሰላም የምለው ሰው በሌለበት መኪና አልሄድም።»

ወረደ። ሐኪሙ ቤት ድረስ ይመጣለት ጀመር። አብዶሽ ከዚያ ቀን በኋላ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ማስታወቂያው ሲደርሰው ነስሩ ያሰበው፣ ፔጆዋን ከመቅለጥ ስለማዳን ብቻ አልነበረም። በቅርስነት የተመዘገበ መኪና መንገድ ላይ መነዳት ይችላል። አባቱን ከመሞቱ በፊት አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደንገጎ ሊያወጣው ይችላል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኒሙ ሥር ተቀምጦ የአባቱን ጫት በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጠ ነገረው። አብዶሽ ጥርስ ከሌለው ቆይቷል።

«ፔጆዋን ላስነሳት ነው።»

«አንተ? አንተ የምታውቀው መስታወት መወልወል ነው።»

«ታስተምረኛለሃ።»

አብዶሽ እጁን ዘረጋና በሸራው ላይ የመኪናዋን አፍንጫ ዳሰሰ። ከተቀመጠበት ይደርስበታል፤ ወንበሩን እዚያ ያደረገው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«የተበላሸውን አብጅ» አለ። «ያልተበላሸውን ግን እንዳትነካብኝ። ከማን እንደተማርክ ሰው ይጠይቃል፣ እንዳታሰድበኝ።»

---

ከተሽከርካሪ ቅርስ መዝገብ የመጣችው መርማሪ ረድኤት ትባላለች። ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው፤ አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው፤ ጥላ ፍለጋ አትቸኩልም። ሳህን የሚያህል መሣሪያ ይዛ ፔጆዋን አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረቻት፣ ከሥሯም ገባች። በዚያ ሙቀት ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ወጣች።

«ሃያ ሦስት በመቶ» አለች።

«ምኑ?» አለ ነስሩ።

«ከፋብሪካው ሥዕል ጋር የሚገጥመው አካል። ለቅርስነት ሰባ አምስት ያስፈልጋል።»

«ሌላውስ ምንድን ነው?»

«ባዕድ አካል።»

መሣሪያውን አዞረችለት። የፔጆዋ ምስል ላይ ሥዕሉ የማያውቀው ሁሉ በቀይ ተቀልሟል። ሞተሯ፣ ጣሪያዋና ጥቂት አጥንቷ ሲቀሩ መኪናዋ ቀይ ናት። ነስሩ እያንዳንዱን ያውቀዋል፤ አባቱ ለዓመታት ሲያወራው ያደገበት ነው። የግራ የፊት ጎማዋን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ ከዘይት በርሜል ተቀጥቅጦ የወጣ ነው። የፊት ወንበሯ ከምድር ባቡር ፉርጎ የተፈታ አግዳሚ ነው፤ የዳሽቦርዷ እንጨትም ከዚያው ፉርጎ ነው። የኋላ በሯ እጀታ የማቀዝቀዣ እጀታ ነበር። የማርሽ ዘንጓ ራስ ከወይራ የተጠረበ ነው። ወለሏ ደግሞ የመንገድ ምልክት ነበር፤ ከሥሯ ተኝቶ ላየ «ሐረር» የሚል ጽሑፍና ቀስት ይታያል።

ረድኤት የማቀዝቀዣውን እጀታ ሁለት ሦስቴ ከፍታ ዘጋችው።

«ይሄን የሠራው ሰው ጎበዝ ነው» አለች። «ከፋብሪካው ይሻላል። ግን ሥዕሉ ላይ የለም።»

ከዚያ ደንቡን ተራ በተራ አስረዳችው። የጎደለው አካል በፋብሪካው ሥዕል መሠረት አዲስ አበባ ይታተማል፣ በጥያቄው መሠረት ይላክለታል። መሻሻል የሚፈቀደው በአምስት ነገር ብቻ ነው፤ የፊት ፍሬን፣ ቀበቶ፣ መብራት፣ በአልኮል የሚሠራ የነዳጅ መስመር፣ እና ፍጥነቷን ከአርባ የማያሳልፍ፣ ጥሰት የሚመዘግብ አንድ ሳጥን። መኪናዋ የምትነሳው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ባለቤት መዳፉን ሳጥኑ ላይ ሲያሳርፍ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት ቅርስ አይንቀሳቀስም። ባለቤቱ ሲሞት ወደ ሙዚየም ትገባለች። የሚወጡት ባዕድ አካላት ደግሞ በየወሩ ለማቅለጫ ይረከባሉ።

«እነሱን እንኳ ማስቀመጥ አይቻልም?» አለ ነስሩ።

«አይቻልም። ሰዎች ከእነሱ ሌላ መኪና እየገጣጠሙ አስቸግረዋል።»

ሁለቱም አብዶሽ ወዳለበት ዞር አሉ። አብዶሽ ግድግዳውን ተደግፎ አንቀላፍቷል፤ ወይም ያንቀላፋ ይመስላል።

ነስሩ ያን ቀን ለአባቱ የነገረው «ምዝገባው ተጀምሯል» ብሎ ብቻ ነው። ውሸት አልነበረም። ሌላውን ነገ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። በማግስቱ ደግሞ፣ አባቱ ገና ከእንቅልፉ ሲነሳ «ዛሬ ካርቡራቶሯን እንፈታለን፣ ካቻቢቴዬን አምጣ» ሲል ሰማው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቱ ከሰማ ዓመታት አልፈው ስለነበር አልነገረውም።

---

ኪሮስ ላሜራ ቀጥቃጭ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አንድ ጆሮው በመዶሻ ድምፅ ተደፍኗል፤ ጋራዡ የካቢን ባትሪ መሙያ ከሆነ ወዲህ ሥራ የለውም። ነስሩ ሲጠራው መዶሻዎቹን ሁሉ በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ነስሩ የታተሙትን ዕቃዎች ሣጥን ከፈተለት። ኪሮስ አዲሱን ፓራፋንጎ አንስቶ በጥፍሩ መታው፣ ደግሞ አሸተተው።

«ምንም አይሸትም» አለ። «እና እኔን ለምን ጠራኸኝ? ይሄ እኮ በቡሎን የሚታሰር ነው፤ የእኔ ሥራ የት አለ?»

«የድሮውን እንድታወጣልኝ ነው።»

ኪሮስ የበርሜሉ ፓራፋንጎ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ይሄንን? ወላሂ እኔ ሙስሊም ብሆን እምልልሃለሁ፤ ይሄንን እኔና አባትህ ነን ያወጣነው። ደንገጎ ላይ ግመል መትቶ፣ ፊቷ እንዳልነበር ሆኖ፣ ከግመሉ ባለቤት ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ መጣ። በርሜል ሰነጠቅን። ሦስት ቀን ቀጠቀጥን። በሦስተኛው ቀን አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳሰሰና ‹ገና ነው፣ እዚች ጋ ጎበጥ ትበል› አለኝ። እኔን! ለቀጥቃጭ!»

«አውቃለሁ፣ ነግሮኛል።»

«አብዶሽ ያውቃል አሁን የምታደርገውን?»

ነስሩ የሣጥኑን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«አቦ፣ አንተ ልጅ» አለ ኪሮስ። «የጠፋው እኮ ዓይኑ ነው። እጁ እንዳለ ነው።»

«ካላወጣነው ሙሉዋን ነው የሚወስዷት። ሞተሯንም። ምን ላድርግ? አንተ ሌላ መንገድ ካለህ ንገረኝና አሁኑኑ እተዋለሁ።»

ኪሮስ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ከዚያ ከከረጢቱ ቡሎን መፍቻውን አወጣ፤ መዶሻዎቹን መልሶ ቋጠራቸው።

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። ነስሩ በዘጠኝ ሰዓት ከካቢን ማረፊያው ይወጣል፣ በአሥር ሰዓት ግቢ ይደርሳል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሠራል። አብዶሽ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዘዋል። የሚያስተምረው ሞተሩን ነው። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አቁሞ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማዳመጥን አሳየው፤ የትኛው ባልቦላ እንደላላ በድምፁ ይታወቃል። ነስሩ በሁለት ወር ሁለተኛውን ከሦስተኛው መለየት ቻለ። የዚያን ቀን አብዶሽ ኪሮስን ጠርቶ «ስማ፣ መስታወት ወልዋዩ ጆሮ አወጣ» አለው። ነስሩ በሕይወቱ ከአባቱ ያገኘው ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

ቤንዚን መሸጥ ከቀረ ቆይቷል፤ ለቅርስ መኪና የሚፈቀደው ከስኳር የሚወጣ አልኮል ነው። የካርቡራቶሩን ቀዳዳዎች ማስፋት ነበረባቸው። አብዶሽ ሲሰማ አዘነ፤ ወይም ያዘነ መሰለ።

«በስተርጅናዋ አስካሪ ልታጠጧት ነው?»

«እሷ ትጠጣ፣ ምን አገባህ? አንተን ጠጣ ያለህ የለም» አለ ኪሮስ።

«ደንገጎ ላይ ስትወላገድ እናያለን!»

እንዲህ እየተባባሉ ይስቃሉ። ሳቁ ሲያበቃ ነስሩ ከመኪናዋ ማዶ፣ አባቱ በማይሰማው ርቀት ሳይሆን በሚሰማው ርቀት ላይ፣ አንድ ቡሎን ይፈታል። አብዶሽ «ምንድን ነው እሱ?» ሲል «ዝገት እያጸዳሁ ነው» ይለዋል። አንዳንድ ቀን አባቱ ይነሳና «እስቲ ልያት» ይላል። ነስሩ ክንዱን ይዞ ያመጣዋል፤ እጁን ሁልጊዜ የሚመራው ወደ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ያው ነበር። አብዶሽ ሞተሩን ዳስሶ፣ ረክቶ፣ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት መጋቢት ላይ ወለሏ ወጣ፣ ሚያዝያ ላይ የፉርጎው አግዳሚ፣ ግንቦት ላይ በሮቹ ሁሉ ከነእጀታዎቻቸው፣ ሰኔ ላይ ሞላዎቿ። በየወሩ መጨረሻ፣ ነስሩ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ አባቱ የቀትር እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ከማቅለጫው የሚላከው ሰው አልባ ጋሪ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ነስሩ ዕቃዎቹን በሸራ ጠቅልሎ ይጭናል። ጋሪው ክብደቱን ይነግረዋል፤ ነስሩ «ትክክል ነው» ይላል፤ ጋሪው ይሄዳል።

አንድ ከሰዓት አብዶሽ እንዲህ አለ፦

«ኪሮስ በየቀኑ ይመጣል። መዶሻ ግን አልሰማም።»

«የአሁኑ ሥራ መዶሻ የለውም አባ» አለ ነስሩ።

«ኪሮስ ያለ መዶሻ ምን ይሠራል?»

«ያወራል» አለ ኪሮስ ራሱ። ድምፁ ግን እንደሌላው ቀን አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ሳምንት አልመጣም።

---

ነሐሴ ሃያ ረድኤት ተመልሳ መጣች። መሣሪያው ዘጠና አንድ በመቶ አለ። እንዲህ ያለ ቁጥር በምሥራቁ ክፍል አይታ እንደማታውቅ ነገረችው፤ ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ቦሎውን ራሷ መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። ስትወጣ አብዶሽ አጠገብ ጎንበስ ብላ «እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ፣ መኪናዎ ተመዝግባለች» አለችው። አብዶሽ የመንግሥት ሰው መሆኗን ከ«እርስዎ»ው አውቆ አመሰገናት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ነስሩ አባቱን አጠበው፣ አዲስ ሽርጥ አለበሰው፣ ኮፊያውን አደረገለት። ኪሮስም መጣ፤ ከበሩ ግን ብዙ አልገባም። ሸራው ተገፎ ነበር። ፔጆዋ ኒሙ ሥር ሰማያዊ ሆና ታበራለች፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከፋብሪካ የወጣች ቀን ከዚህ የተሻለች አትሆንም።

«ልግባ በቃ» አለ አብዶሽ። እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

እጀታውን ያዘ። አልከፈተውም። ለቀቀው፣ እንደገና ያዘው። ከዚያ መዳፉን መኪናዋ ላይ ጣል አድርጎ መራመድ ጀመረ። ነስሩ ክንዱን ሊይዘው ቢሞክር በክርኑ ገፋው። የኋላውን በር፣ የኋላውን መብራት፣ የኋላውን ኮፈን ሁሉ እየዳሰሰ፣ ብቻውን ዞራት። የግራ የፊት ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፓራፋንጎውን በጣቱ አንጓ ቆረቆረው። አዳመጠ። ደግሞ ቆረቆረው።

«የማን ናት?» አለ።

«ያንተ ናት አባ።»

«ቆንጆ መኪና ናት። የማን ናት?»

አብዶሽ ፊቱን ወደ ግቢው በር አዞረ።

«ኪሮስ፣ እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። በርሜላችን የት አለ?»

«ልጅህን ጠይቀው» አለ ኪሮስ። ወጥቶም ሄደ።

ነስሩ ነገረው። ስለ ሃያ ሦስቱ በመቶ፣ ስለ ቀዩ ምስል፣ ስለ ጋሪው። ሲናገር ድምፁ እንደ ረድኤት ድምፅ ሆኖ ራሱን ገረመው፤ ደንቡን ተራ በተራ ነበር የሚያስረዳው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ አብዶሽ።

«ከየካቲት። በየወሩ።»

«እኔ ተኝቼ?»

«አዎ።»

«ባትሰጣቸው ምን ይሆን ነበር?»

«ጳጉሜን ላይ መጥተው ሙሉዋን ይወስዷት ነበር።»

አብዶሽ ራሱን ነቀነቀ። ሒሳቡ እንደገባው ሰው ነው የነቀነቀው፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ነስሩ ይመርጥ ነበር።

«እነሱ በአንድ ቀን ይወስዷት ነበር» አለ። «አንተ ግን በሰባት ወር ሰጠሃቸው።»

«ደንገጎ ልወስድህ ብዬ ነው አባ። ወላሂ ለሌላ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ክፉ ልጅ አይደለህም።» እጁን ከፓራፋንጎው ላይ አነሳ። «አሁን ወደ ቤት አስገባኝ።»

ፔጆዋ ዘጠኝ ቀን ቆመች። አብዶሽ ወንበሩን ከኒሙ ሥር አስነስቶ ደጃፉ ላይ አስደረገው። ነስሩ በአሥር ሰዓት ይመጣል፣ ጫት ይወቅጣል፣ ስለ ፔጆዋ አያነሳም። ሁለቱም ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። ኪሮስ አልመጣም። በአምስተኛው ቀን የፔጆዋ ሳጥን ለነስሩ መልእክት ላከለት፤ የተመዘገበ ቅርስ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ «የቆመ ንብረት» ተብሎ ወደ ሙዚየም እንደሚዛወር በትህትና አሳሰበው። ነስሩ ይህንንም ለአባቱ አልነገረውም። ሳጥኑ ግን መልእክቱን በሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰውም ይልካል፤ ለአብዶሽ ጮክ ብሎ ያነበበለት ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ያስቀመጠለት መሣሪያ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ነስሩ ሥራ ሊሄድ ሲል፣ አብዶሽ ሽርጡን ለብሶ ኮፊያውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«እኔ ካልገባሁ አትነሳም አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰባት ወር ለፍተህባታል። ጆሮህም ጥሩ ሆኗል። ይሄንን አይውሰዱብህ።» ክንዱን ዘረጋ። «ተነስ። ልሸኝህ።»

---

አብዶሽ በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጠ። ነስሩ መዳፉን ይዞ ሳጥኑ ላይ አሳረፈው። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ፤ ባልቦላዎቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ ነስሩ ሰማቸው። ሳጥኑ መልካም ጉዞ ተመኘላቸው።

ከገንደ ቆሬ ሲወጡ ካቢኖች ሠላሳ ሜትር ርቀው መንገድ ይለቁላቸዋል። መሪ የያዘ ሰው የመኖሩ ወሬ ከካቢን ካቢን አስቀድሞ ተዳርሷል። ከመስታወቱ ውስጥ ሰዎች ዞረው ያያሉ፤ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ነስሩ ሰላምታዋን ቢመልስ ደስ ይለው ነበር፤ አንድ እጁን እንኳ ከመሪው ላይ ማንሳት ግን አልደፈረም። አብዶሽ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ሰብስቦ፣ እንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው፣ ምንም ሳይነካ ተቀምጧል። ከተማዋ አለቀች። አስፋልቱ ሽቅብ ሲጀምር ሞተሩ ድምፁን አወረደ።

«ሦስተኛ አግባ» አለ አብዶሽ።

ነስሩ አገባ፤ መንዳት ከመከልከሉ በፊት በልጅነቱ ማርሽ የለመደው በዚችው መኪና ነው። የመጀመሪያው መዞሪያ ገና ሳይታይ የአብዶሽ ትከሻ ወደ ግራ ዘመም አለ። መዞሪያው መጣ። ወጡት። ትከሻው ወደ ቀኝ ዘመመ፤ የቀኙ መጣ።

«አሁን ክላክስ አድርግ። ዓይነ ስውር መዞሪያ ነው፣ ከላይ የሚመጣው አያይህም።»

ከላይ የሚመጣ አልነበረም። ቢኖርም ካቢን ነው፤ ካቢን የት እንዳሉ ያውቃል። ነስሩ ግን ክላክሱን ተጫነው። ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ፤ አጥር ላይ የተቀመጡ ዝንጀሮዎች በርግገው ዘለሉ።

«በዚህ ክልል የክላክስ ድምፅ አይፈቀድም» አለ ሳጥኑ። «አንደኛ ጥሰት።»

አብዶሽ አልሰማውም ወይም አልቆጠረውም። ፊቱ ተከፍቶ ነበር። እጁ ጉልበቱን ለቅቆ ዳሽቦርዱ ላይ ወጥቷል።

«እዚህ ጋ ውሃ ይወርዳል፣ ቀኝህን ያዝ። ነሐሴ ነው አይደል? አለ፣ ውሃው አለ። ሰማኸው? አሁን፣ አሁን ክላክስ!»

ነስሩ ተጫነው።

«ሁለተኛ ጥሰት። ሦስተኛ ጥሰት ሲመዘገብ የመንቀሳቀስ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ተሽከርካሪው ባለበት ይቆማል።»

ነስሩ አባቱን በጨረፍታ አየው። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየውም፤ ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬንና ፍሪሲዮን እየረገጠ ነው። ሳይጠይቅ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ግን ሰባት ወር ሙሉ አንድ ነገር ነበር የጠበቀው።

«አባ፣ አወቅካት አይደል?»

አብዶሽ ጥያቄውን ለማሰብ ጊዜ ወሰደ። ልጁን ማስደሰት ቢችል ደስ ባለው ነበር።

«መንገዱን ነው ያወቅኩት» አለ።

ሁለት መዞሪያ ወጡ። ትከሻው አሁንም ከመዞሪያዎቹ ቀድሞ ይዘማል። ከዚያ የመንገዱ ትልቁ ጥምዝ መጣ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ የተፈለጠ ዓለት። አብዶሽ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ክላክስ» አለ።

ነስሩ አውራ ጣቱን ክላክሱ ላይ አደረገ። በመስታወቱ ላይ ቦሎው አለ፣ ቀኑ ያልደበዘዘ። ሳጥኑ ሦስተኛውን ይጠብቃል።

«ነስሩ፣ ክላክስ አድርግ! ሰው ይመጣል!»

ነስሩ አውራ ጣቱን አነሳ።

ፔጆዋ ትልቁን ጥምዝ በአርባ፣ ያለ ድምፅ ዞረችው። ከማዶ ማንም አልመጣም። አብዶሽ ከዳሽቦርዱ ላይ እጆቹን አንድ በአንድ አነሳና ጉልበቶቹ ላይ መልሶ አስቀመጣቸው። እስከ ላይ ድረስ ስድስት መዞሪያ ቀርቶ ነበር፤ በአንዱም ላይ ትከሻው አልተንቀሳቀሰም።